የአያቴ ፊት በየትኛው ቡኒ ይጠለፍ?

ይህን ጥያቄ ጠላፊዎች በምንወያይበት ገጽ ላይ የለጠፈችው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ወጣት እናት ናት። መስቀልኛ ጥልፍ ከጀመረች ብዙ አልሆናትም። ብዙዎቻችን ክሮስ ስቲች የምንለው ነው፤ ክሩን በሰያፍ አንዱን በሌላው ላይ እያሳለፉ ጨርቅ ላይ ትናንሽ መስቀሎች መደርደር። እስካሁን የትራስ ልብስና የረከቦት ጨርቅ ጠልፋለች። አሁን ግን ከበድ ያለ ነገር አስባለች። ሰንዳፋ ያሉትን አያቷን ከነነጠላቸው ጠልፋ፣ ፍሬም አስገብታ፣ ለእንቁጣጣሽ ልትሰጣቸው ነው።

ፎቷቸውን ስልኳ ላይ ባለ አፕ ውስጥ አስገባችው። አፑ ምስሉን በካሬ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ካሬ የክር ቀለም ቁጥር ሰጣት። ለፊታቸው የመረጠው 840፣ 841 እና 922 ነው። አንዱን ጉንጭ ጠልፋ ስትጨርስ አያቷ አመድ የተነሰነሰባቸው መሰሉ። ግንባራቸው ላይ ደግሞ ብርቱካንማ ነገር ወጣ። መፍታት ጀመረች፣ ሰለቻት፣ ጻፈች።

የጠየቀችው ሦስት ነገር ነው። ለአያቷ ፊት የሚሆነው ቡኒ የትኛው ነው? ነጭ ጨርቅ ላይ ነጭ ነጠላ እንዴት ይታያል? የነጠላው ጥለት አረንጓዴና ወርቃማ ነው፣ ከኋላቸው ያለው ግድግዳም አረንጓዴ ዘይት ቀለም የተቀባ ነው፤ ሁለቱ እንዳይዋዋጡ ምን ይደረግ? ጊዜዋ ጠባብ እንደሆነም ነግራናለች። የምትጠልፈው ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ነው፤ ማታ ደግሞ ልጇ ከተኛና መብራት ካለ።

ውይይቱን እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ። ነገሩ የእኔም ጉዳይ ነው። እዚህ የምናገኘው ንድፍ አብዛኛው የፈረንጅ ፊት፣ የፈረንጅ ቤት፣ የፈረንጅ አበባ ነው። የራሳችንን ሰው ለመጥለፍ ስንነሳ ቀለሙን ራሳችን ፈልገን ማግኘት አለብን። ምላሾቹን በየተራቸው፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጣቸዋለሁ።

1ኛ ምላሽ። የሰበታ ሰው ናት። በጣም ትሑት ናት፤ ልጅቷን አጽናናቻት፣ አያቷን መረቀችላት። ከዚያ ጨርቁ ባለስንት ካሬ እንደሆነና በስንት ክር እየጠለፈች እንደሆነ ጠየቀች። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ዘሎት አለፈ። እኔ ግን ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረበት እሱ ነው ባይ ነኝ። ባለ 14 የሚባለው አይዳ፣ ማለትም ለመስቀልኛ ጥልፍ በካሬ የተሸመነው ጨርቅ፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ካሬ አለው። የጥልፍ ክር ስድስት ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ሆነው ነው የሚሸጠው፤ ለባለ 14 ሁለቱን ነጥሎ መጥለፍ የተለመደ ነው። ባለ 11 ላይ ግን ካሬው ሰፋ ስለሚል ሦስት ክር ይፈልጋል።

2ኛ ምላሽ። ስለ ክር ዓይነት ነው። ጸሐፊዋ ከዲኤምሲ ውጭ ሌላ ክር መንካት የለብሽም የሚል አቋም አላት። ዲኤምሲ እ.ኤ.አ. በ1746 ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ባለችው ሙሉዝ ከተማ የተመሠረተ ድርጅት ነው። የጥልፍ ክሩ ቀለሞች 500 ናቸው፣ ሁሉም ቁጥር አላቸው። 310 ካልሽ ጥቁር ነው፤ አዲስ አበባም ሆነ ፓሪስ ያው ጥቁር። አፑ የሰጣት ቁጥርም የዚሁ ድርጅት ነው። እስከዚህ ድረስ ልክ ነች።

3ኛ ምላሽ። ቡራዩ የምትኖር ሴት ቆጣ ብላ መጣች። ዲኤምሲ በየሱቁ እንደ ስኳር የሚገኝ ይመስል ለምን ይወራል ነው የእሷ ነገር። ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ሰው መጥለፍ ሊተው ነው ወይ? ብዙው ሰው መርካቶ ያገኘውን ነው የሚገዛው። እሷ ራሷ የምትጠቀመው ሲኤክስሲ የሚባለውን የቻይና ክር ነው። ሲኤክስሲ የዲኤምሲን ቁጥር ይከተላል። ቀለሙ ግን ሁልጊዜ ቁርጥ እሱን አይሆንም፤ ቁጥሩን ብቻ ዓይቶ መግዛት አደጋ እንዳለው አልሸሸገችም። ቁጥር የሌለውን ክር ደግሞ በዓይን ከመምረጥ ሌላ መንገድ የለም።

አነጋገሯ ይከርር እንጂ እውነቷን ነው። ቁጥር መነሻ ነው፤ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ጨርቁ ላይ የተጠለፈው ክር ነው።

4ኛ ምላሽ። የጥያቄው ባለቤት ተመለሰች። ጨርቋ ባለ 11 ነው፣ የምትጠልፈው በሁለት ክር ነው። የሰበታዋ ወዲያው የምስጋና ምልክት ሰጠቻት፤ የችግሩ ግማሽ ተገኘ ማለት ነው። ክሩ ሲሳሳ የጨርቁ ነጭ በመስቀሎቹ መሃል ብቅ ብቅ ይላል። ዓይናችን ነጩንና ቡኒውን ቀላቅሎ ነው የሚያየው። ቡኒ ከነጭ ጋር ሲቀላቀል ይገረጣል።

5ኛ ምላሽ። ለገጣፎ የምትኖር፣ እናቷንም ልጆቿንም የጠለፈች ሴት ናት። ከምላሾቹ ሁሉ ረጅሙ የእሷ ነው፤ ሳይሰለቸኝ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ከ838 እስከ 842 ያሉት ቡኒዎች ውስጣቸው ግራጫ እንዳለበት አስረዳች። ለእንጨት፣ ለድንጋይ፣ ለአህያ ቆዳ ያምራሉ። የኛን ሰው ፊት ግን አመድማ ያደርጉታል። አፑ ወደዚያ የሄደው ፎቶው ጥላ ውስጥ ስለተነሳ ይሆናል። 922 ደግሞ የመዳብ መልክ ነው፤ ከአመድማው አጠገብ ሲቀመጥ ጎልቶ ይወጣል።

እሷ የምትጀምረው ከሰውየው መልክ ነው። ለቀይ ዳማ ሰው መደቡን በ434 ትይዛለች። ብርሃን ያረፈበት ግንባርና የጉንጭ አጥንት ላይ 435ን፣ በጣም በበራው ቦታ 436ን ታስገባለች። ጥላው 433 እና 801 ነው። አንገት ሥርና ነጠላው ያጠላበት 898። ለጠይም ሰው መደቡ 433 ይሆንና ብርሃኑ 434፣ ጥላው 801፣ 898፣ 938 እያለ ይወርዳል። ለጥቁር ሰው ደግሞ መደቡ 898 ነው። ብርሃኑ 801 እና 433፣ የመጨረሻው ጥላ 3371። ሞቅ እንዲል የፈለገችበት ቦታ ላይ ጥቂት 400 ጣል ታደርጋለች። ከንፈር 632። 310ን፣ ማለትም ንጹሕ ጥቁሩን፣ ከዓይን ብሌን ውጭ ፊት ላይ አታስገባም፤ ፊት ላይ ከገባ ቀዳዳ ይመስላል።

ስለ ሽብሽብ የጻፈችው በጣም ነካኝ። ብዙ ሰው የአዛውንት ሽብሽብ ለማሳየት በጥቁር ክር መስመር ይሰፋል። እሷ እናቷን ስትጠልፍ የዓይናቸውን ጥግ ሽብሽብ በመስመር አልሠራችውም። 434 ተደርድሮ ባለበት መሃል ሦስት የ433 መስቀሎችን በሰያፍ አስቀመጠች፣ ከሥራቸው ሁለት የ435። ጨለም ያለው ስርጉዱን፣ ፈካ ያለው ደግሞ በላዩ የሚያርፈውን ብርሃን ያሳያል። ፎቶውን አብራ ለጥፋዋለች። ቀረብ ብለው ሲያዩት አምስት መስቀል ነው፤ ራቅ ብለው ሲያዩት ፈገግ ያሉ እናት ናቸው።

6ኛ ምላሽ። ሥዕል የተማረ ወጣት ነው፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው የሚኖረው። የቁጥር ዝርዝሩን አልተቃወመም፣ ግን አንድ ነገር ቀርቷል ባይ ነው። ቀለም ብቻውን አይታይም፤ ጎረቤቱ ይለውጠዋል። ለዚህም ሚሼል ኢዩጂን ሼቭረል የሚባለውን የፈረንሳይ ኬሚስት ጠቀሰ። ሰውየው ፓሪስ በሚገኘው በታዋቂው የጎብለን የግድግዳ ምንጣፍ ሥራ ቤት የክር ማቅለሚያው ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደከመ፣ ቀለሙ አልያዘም የሚል አቤቱታ መጣበት። ቢመረምረው ማቅለሚያው ምንም አልሆነም። ጥቁሩ ደካማ የመሰለው ሰማያዊና ሐምራዊ አጠገቡ ስለነበሩ ነው። ከዚያ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1839 ስለ ቀለሞች መጎራበት ያገኘውን ሕግ አሳተመ።

ወጣቱ ይህን ወደ አያትየው አመጣው። አረንጓዴ ከጎኑ ያለውን ቀለም ወደ ቀይ ይገፋዋል። ግድግዳው ደማቅ አረንጓዴ በሆነ ቁጥር ፊታቸው ይቀላል፤ 922 ብርቱካን የመሰለው በግማሹ በግድግዳው ምክንያት ነው። መፍትሔው ፊቱን ከመቀየር በፊት ግድግዳውን ማደብዘዝ ነው፤ 523 እና 524 ዓይነት አመድማ አረንጓዴ። ሌላም ቀላል መፈተኛ ሰጠ። ክሮቹን ጎን ለጎን ደርድሮ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ማድረግ። ሁለት ቀለሞች እኩል ግራጫ ከሆኑ ጨርቁም ላይ ይዋዋጣሉ፤ አንዱ መጥቆር ወይም መፍካት አለበት።

እኔ ይህን መፈተኛ ሁሉም ጠላፊ ቢለምደው ደስ ይለኛል። ገንዘብ አይጠይቅም። ስልክ የሌለው ጠላፊ ደግሞ አላውቅም።

7ኛ ምላሽ። አጭርና ጎምዛዛ። የሰውን ቤት ግድግዳ ቀለም መቀየር ማን ፈቀደላችሁ ዓይነት ነው።

8ኛ ምላሽ። የጥያቄው ባለቤት። አረንጓዴውን የቀቡት ሟቹ ወንድ አያቷ እንደሆኑ ነገረችን። ስለዚህ አረንጓዴው ይቆያል፣ ደብዘዝ ይላል እንጂ። ወጣቱ በዚህ ተስማማ፤ ከፊታቸው ራቅ ያለው የግድግዳው ክፍል 523 ሆኖ፣ ፊታቸውን የሚነካው 524 እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ።

9ኛ ምላሽ። እዚህ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ፎቶውን አስተውላ ያየች አንዲት የሱሉልታ ሴት ጥለቱ የት እንዳለ ጠየቀች። የአያትየው ነጠላ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ አንገታቸውንና ትከሻቸውን ዞሯል። ይህ የሐዘን አለባበስ ነው፤ ለዓመት በዓል ስጦታ ሐዘን ልትሰቅይ ነው ወይ ብላ ተቆጣች።

10ኛ ምላሽ። የቡራዩዋ ባለ 3ኛ ምላሽ መልሳ ገባች፣ ከፊተኛውም ብሳ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰውም ነጠላውን ወደ ላይ እንደሚያጣፋ፣ ሰው ሁሉ በየፎቶው ሐዘን መፈለግ እንደሌለበት ጻፈች። ሁለቱ እዚያው ትንሽ ተነካኩ። የተባባሉትን መድገም አያስፈልግም።

11ኛ ምላሽ። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት ናቸው። ጣፎ ነው የሚኖሩት። ሁለቱንም ልጆቼ እያሉ አስታረቋቸው፣ ከዚያም ነገሩን ለያዩት። በአዘቦት ቀንና በበዓል ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነጠላው መስቀልያ ይጣፋል፤ ሁለቱ ጫፎች በግራና በቀኝ ትከሻ ይወድቃሉ። በለቅሶ ጊዜ ነው ጥለቱ ወደ ላይ የሚመጣው። ፎቶው ላይ ያለው መስቀልያ አይደለም። ስለዚህ ፎቶው መቼ እንደተነሳ ልጅቷን ጠየቋት።

12ኛ ምላሽ። አያቷ ያን ዕለት ከቀብር ተመልሰው ነበር። ጎረቤታቸው ሞተው። ልጅቷ ፎቶውን የመረጠችው ፊታቸው ስለጠራላት ብቻ ነው፤ ጥለቱን ልብ አላለችውም። አሁን ግራ ገባት።

የለገጣፎዋ ፎቶው እንዳለ ይጠለፍ አለች፤ ያ ቀንም የሕይወታቸው አካል ነው። ወጣቱ ሠዓሊ ጥለቱ ይውረድ፣ ሥዕል የፎቶ ባሪያ አይደለም ባይ ነው። እትዬ አንድ ቃል ብቻ ጨመሩ፤ ባለጉዳይዋ በሕይወት አሉ፣ ለምን አይጠየቁም? እኔም ከእትዬ ጋር ነኝ። መልኩ የእሳቸው ነው፤ እንዴት ሆነው ግድግዳ ላይ እንደሚቀመጡ መወሰንም የእሳቸው ድርሻ ነው። የስጦታው ድብቅነት ቢቀር ይቅር።

13ኛ ምላሽ። ባሏ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሆነ ሴት ናት፤ መኖሪያቸውም እዚያው እንጦጦ ግርጌ ነው። የባሏ ቤተሰብ ዶርዜ ናቸው፣ ከጋሞ ደጋ የመጡ። ጥለቱን ወደ ታች ማውረድ ከተፈለገ እንዴት እንደሚሠራ የነገረችን እሷ ናት። በበኩሌ ከውይይቱ ሁሉ አዲስ ነገር የተማርኩት እዚህ ላይ ነው።

ጥለት ሲሠራ ድሩ ተወጥሮ ይቀመጣል፣ ማጉ በመሃሉ ይመላለሳል። ሸማኔው የድሩን ክሮች ቆጥሮ ያነሳና ባለቀለሙን ክር በሥራቸው ያሳልፋል። ስንት አንስቶ ስንት እንደሚተው ያውቀዋል፤ በሚቀጥለው መስመር አንድ ያሳድጋል ወይም አንድ ይቀንሳል። የጥለት ቅርጾች ደረጃ ደረጃና ሰያፍ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። መስቀልኛ ጥልፍም ቆጠራ ነው። ስለዚህ ጥለትን ወደ ባለካሬ ወረቀት መገልበጥ ይቻላል፣ ምንም አፕ አያስፈልገውም። ነጠላውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ቅርጹ ከተጀመረበት ተመልሶ እስኪጀምር ድረስ ያለውን በማስመሪያ ለክቶ፣ ካሬ በካሬ ማቅለም ነው።

ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠች። ሥዕሉ ውስጥ ያለው ጥለት ትንሽ ነው፤ ስፋቱ ከስድስት ካሬ አይበልጥም። በስድስት ካሬ ውስጥ እውነተኛውን ቅርጽ ላስገባ የሚል ሰው ዥጉርጉር ነገር ነው የሚያወጣው። እዚያ ላይ ቅርጹን ትቶ የቀለሙን ተራ ብቻ መያዝ ይሻላል፤ ወርቃማ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ፣ ከዚያ ጠቆር ያለ ጠርዝ። ለወርቃማው 783፣ ብርሃን ላለበት 725 ይበቃል። የሚያብለጨልጨውን ወርቀ ዘቦ አትፈልግም፤ ከፊታቸው ዓይን ይሰርቃል።

እውነተኛውን ጥለት ደግሞ ሌላ ቦታ አዋለችው። በሥዕሉ ዙሪያ ጠርዝ ሆኖ በልኩ ይጠለፍ አለች። አራት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥለት ባለ 11 ጨርቅ ላይ 17 ካሬ ገደማ ይወጣዋል። አሥራ ሰባት ካሬ ለአንድ ጥለት ከበቂ በላይ ነው። አያትየው የራሳቸውን ነጠላ ጥለት በዙሪያቸው ያዩታል።

ከዚህ በኋላ ሰዉ ተነቃቃ።

ከ14 እስከ 17 ያሉት ምላሾች ከርዕስ ወጡ። ሰርቪስ ውስጥ መርፌ ይዞ መጓዝ አደጋ ነው የሚል ተነሳ። አንዷ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ጎረቤቷን ወግታ ታውቃለች፤ አሁን ሰርቪስ ውስጥ የምትሠራው ክር መለየትና ካርቶን ላይ መጠቅለል ብቻ ነው። ካርቶኑን ትበሳና ቁጥሩን ጎኑ ላይ ትጽፋለች። ሌላዋ የአቃቂ ሴት ስለ ውሃ ፈረቃ አማረረች። ስለ ሽንኩርት ዋጋም ተወራ። አንድ ሰው ክር እሸጣለሁ ብሎ ስልኩን ለጠፈ፤ ተሰረዘበት። 18ኛው ምላሽ ሁሉንም ወደ ነጠላው መለሰ።

19ኛ ምላሽ። ነጭ በነጭ ላይ። ይህን የመለሰችው የሰበታዋ ናት። መጀመሪያ ነጮቹን ለየቻቸው። ቢ5200 የሚባለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ የሚያበራ ነጭ ነው። ብላን የሚባለው ተራው ነጭ ነው። 3865 ለስለስ ያለ፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ የሚመስል ነጭ ነው። ለነጠላ 3865ን መርጣለች፤ ቢ5200 ነጠላን ናይለን ያስመስለዋል ትላለች። ከዚያ ነጠላን ነጠላ የሚያደርገው እጥፋቱ እንደሆነ አስረዳች። የእጥፋቱን ጥላ በ762 እና በ415 ግራጫ መጀመር፣ ፊታቸው አጠገብ ያለውን እጥፋት ግን በ822 ማድረግ። 822 ሞቅ ያለ ነው፤ የቆዳቸው መልክ ነጠላው ላይ ማረፉን ያሳያል። ጨርቁም ራሱ ክሬም ቢሆን ኖሮ ሥራው ይቀል ነበር፤ አሁን ግን ስለተጀመረ ዳሩን በአንድ ቀጭን የ415 ክር መክበብ ይበቃል።

20ኛ ምላሽ። የቡራዩዋ፣ እንደ ልማዷ ሳትለሳለስ። ይህ ሁሉ ቁጥር የሚደረደረው ክሩ በምን መብራት ተመርጦ ነው? ልጅቷ ማታ በቢጫ አምፖል ከመረጠች 822 እና 762 አይለዩላትም። አንዱ ቡኒ በአምፖል ሥር ከሌላው ጋር አንድ ይመስልና ጠዋት ሲያዩት ለየብቻ ይሆናል። ማታ መጥለፍ ይቻላል፣ ማታ መምረጥ ግን አይቻልም። ምርጫው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ ቀጥታ ሳያርፍበት ይሁን። ከዚያ እያንዳንዱ ክር ቁጥሩ ተጽፎበት ይቀመጥና ማታ በቁጥሩ ይሠራ። መብራት ጠፍቶ በሻማ የሚጠልፍም ካለ ነጩንና ጥቁሩን ብቻ ይጠልፍ።

በጣም ወደድኩት። ጊዜ ለሌለው ሰው የሚሆን ምክር ነው።

21ኛ ምላሽ። የለገጣፎዋ ስለ መልቀቅ ጻፈች። ቁጥር የሌለው ክር፣ በተለይ ቀይና ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ሲታጠብ ቀለሙን ሊለቅ ይችላል። ነጠላው ሁሉ ነጭ ነው፤ ጥለቱ ከለቀቀ የወራት ድካም ገደል ገባ። ስለዚህ ከመጥለፍ በፊት ከክሩ ትንሽ ቆርጦ፣ አርጥቦ፣ በነጭ ጨርቅ መሃል አድርጎ በካውያ መጫን። ነጩ ላይ ቀለም ከታየ ያ ክር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ተጠልፎ ካለቀ በኋላ የለቀቀ እንደሆነ ደግሞ እንዲደርቅ አለመተው፤ ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ። የአቃቂዋ ብዙ ውሃ የሚለው ላይ መልሳ አማረረች።

22ኛ ምላሽ። የ2ኛዋ ጸሐፊ፣ ማለትም የዲኤምሲዋ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ርካሽ ክር የሚያመጣው ነው ብላ አሳረገች።

23ኛ ምላሽ። የቡራዩዋ መልስ ሰጠች። ሙሉውን አላነሳውም። ፍሬ ነገሩ ግን ይኸ ነው፤ ጥልፍ በአገራችን ዲኤምሲ ሳይታወቅም ነበረ፣ እናቶቻችን የትራሱን ዳር ያስዋቡት ባገኙት ክር ነው። የዲኤምሲዋ በዚህ ቅር ተሰኝታ ለጥቂት ጊዜ ጠፋች። እኔ ሁለቱም የሚጣሉበትን ምክንያት ሳላይ አልቀረሁም። አንዷ ሥራው እንዳይበላሽ ትሰጋለች፣ ሌላዋ ሰው እንዳይገለል። ልጅቷ የሁለቱንም ምክር ነው የተጠቀመችበት። ፊቱን ከውጭ በመጣላት ባለቁጥር ክር ልትሠራው፣ ግድግዳውን የመርካቶው ክር ሊሸፍነው ወሰነች።

24ኛ ምላሽ። ስለ ብዛት። አንድ ጥቅል ስምንት ሜትር ነው፣ ስድስት ክር ያለው። በሦስት ክር ስትጠልፊ ሁለት ጊዜ ነው የሚወጣልሽ፤ አሥራ ስድስት ሜትር መሆኑ ነው። ግድግዳው ሰፊ ነው፣ ብዙ ጥቅል ይበላል። ቁጥር የሌለው ክር በተለያየ ጊዜ ሲነከር መልኩ ሊለያይ ስለሚችል ለግድግዳው የሚያስፈልገውን አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሱቅ፣ ከአንድ ካርቶን መግዛት አለባት። ክሩ ካነሰባት ደግሞ አዲሱን ክር በአንድ ቦታ ከመጨረስ ይልቅ ከአሮጌው ጋር እያሰባጠሩ መጥለፍ ልዩነቱን ይደብቀዋል።

25ኛ ምላሽ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ከማድረግ ፎቶውን አሳትመሽ ፍሬም አስገቢው ብሎ ጻፈ። ማንም አልሰደበውም። እትዬ ብቻ መለሱለት፤ ፎቶ ሲሰጣቸው ደስ እንደሚላቸው፣ ልጅ ቁጭ ብሎ የጠለፈላቸውን ግን ሰው ሲመጣ እያነሱ እንደሚያሳዩ።

26ኛ ምላሽ። ልጅቷ ቅዳሜ ሰንዳፋ ሄዳ ነበር። ክሮቿን ሁሉ ይዛ። ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ የ434ን ጥቅል እጃቸው ጀርባ ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ 435ን፣ ከዚያ 433ን። የለጠፈችው ፎቶ ይህንኑ ያሳያል። 434 እጃቸው ላይ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። 840 አጠገቡ ሲቀመጥ የሞተ ነገር ነው። ስለ ጥለቱም ጠየቀቻቸው። ወደ ታች እንዲወርድ ፈለጉ፤ ለቅሶው የጎረቤታቸው እንጂ የግድግዳቸው እንዳይሆን። ስለ ግድግዳው አረንጓዴ ሲሰሙ ግን ደበዘዘ የሚለውን አልወደዱትም። ባላቸው የቀቡት ደማቅ ነበር።

27ኛ ምላሽ። ወጣቱ ሠዓሊ እዚህ ላይ ሐሳቡን አስተካከለ። ደማቁ አረንጓዴ በሥዕሉ ዳርና ዳር ይግባ፣ ከጠርዙ ጥለት አጠገብ። 524 ፊታቸው ዙሪያ ብቻ፣ ብርሃን ያረፈበት ግድግዳ መስሎ ይቅር። በእውነቱም ግድግዳ በመስኮት ብርሃን ሲመታ ይገረጣል። ልጅቷ ይህን ለአያቷ በስልክ አስረድታ አስፈቀደች።

28ኛ ምላሽ። የተጠለፈው አመድማ ጉንጭ ይፈታ ወይስ ይተው? የለገጣፎዋ መፍታት ጨርቁን ያሳሳዋል ትላለች። ጨርቁ ሰፊ ስለሆነ አዙሮ በሌላው ጫፍ መጀመርና የተሠራውን ጉንጭ መሞከሪያ ማድረግ ይሻላል። ጨርቁን አራት አጥፎ መሃሉን ማግኘት፣ ከመሃል መነሳት፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ክሩ እንዳይተረተር በመርፌ መከፈፍ። ሰበታዋ በዚህ ላይ ሦስት ክር መሆኑን እንዳትረሳ አሳሰበች።

ከ29 ጀምሮ ያሉት ምላሾች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። የሽሮ ሜዳዋ የጥለቱን ንድፍ በካሬ ወረቀት ሠርታ እንድትለጥፍ። የዲኤምሲዋም ተመልሳ መጥታ ጠየቀች። ሳምንት ሳይሞላ ንድፉ ተለጠፈ፤ አሥራ ሰባት ካሬ ስፋት፣ ተደጋግሞ የሚሄድ፣ በእርሳስ የተሰመረ፣ ባሏ ማዕዘኑ ላይ ቅርጹ እንዴት እንደሚታጠፍ ያስተካከለው። ካሬዎቹን 1፣ 2፣ 3 ብላ ለያቸዋለች፣ የክር ቁጥር ግን አልጻፈችባቸውም። እያንዳንዱ ቤቱ ካለው ነጠላ ጋር ቀን በብርሃን አስተያይቶ እንዲሞላው ነው።